የዓሣው ሐኪም ባልዲ

የዓሣ ሕክምና አሠልጣኙ የጀይሉ ሬሳ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ካለው የዓሣ ኩሬ በማለዳ ወጣ። ማጅራቱ በዱላ ተመትቷል። ያወጣው ዘበኛው ሙህዲን ነው፤ ዱላውም የሙህዲን ሆኖ ተገኘ። በቃ፣ ካቴና ገባለት! ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ እሱን ግን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መኪና መጥቶ ወደ እስር ቤት ሊወስደው ነው።

ኢንስፔክተር ኡምኩልሱም የችኮላ ነገር አትወድም። ሟቹ ጓንት እንዳጠለቀ ነው። ኩሬው ዳር ባልዲ ተገልብጧል፤ ወይን ጠጅ የመሰለ ውሃ ሣሩ ላይ ፈሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ የጀይሉን ሰልጣኝ ሳቢራን ጠየቀቻት።

«ፐርማንጋኔት ነው፣ የቆሰለ ዓሣ መድኃኒት። ትናንት ማምሻውን፣ ለመግሪብ ሶላት ሲቃረብ፣ ሊጨምረው ነበር። ‹እጃችሁን እንዳይነካ! ሲታጠቡት የለቀቀ ይመስልና አድሮ ቡናማ ይሆናል፤ ከሎሚ በቀር አያስለቅቀውም› እያለ ሲያስተምረን...» ዕንባዋ ቀደማት።

«ዓሦቹን ምን ነካቸው?»

«በሽታው ተገዝተው ከገቡት የዓሣ ጫጩቶች ጋር ነው የመጣው። ከማን እንደመጡ ዛሬ በሰው ፊት ሊናገር ነበር።»

የዓሣ ጫጩት ለጨፋ አካባቢ ገበሬ የሚያከፋፍለው ሐጂ ሙሐመድዘይን ነው። ኧረ ሰውየው ሲያለቅስ! ከሟቹ ወንድም ብሶ ነበር። ጢሙ በሂና ቀልቷል፤ ሥር ሥሩ ግን ነጭ ሆኖ አድጓል። ዕንባውን የሚጠርግባቸው ጣቶች ቡናማ ናቸው።

«ሐጂ፣ እጅዎን ምን ነካው?»

«ሂና ነው ልጄ። ትናንት ጢሜን ስቀባ አመሸሁ። ወላሂ፣ ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም!»

«ሥልጠናው ላይስ ነበሩ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ዓሣ ማከም ልማር እንዴ?»

ዙህር ሳይደርስ ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰበቻቸው። ሙህዲንም ከነካቴናው መጣ።

«ሲታገሉ ባልዲው እጃቸው ላይ ተደፍቷል» አለች ኡምኩልሱም። «ጀይሉ ጓንት ነበረው፤ ገዳዩ ግን አልነበረውም። ዱላ ከዘበኛ ጎጆ ማንም ያነሳል። ሙህዲን፣ እጅህን አሳይ።»

ንጹሕ ነው።

«ሐጂ፣ ትናንት የተቀባ ጢም ሥሩ እንዲህ አይነጣም።»

«ሂና ነው አልኩሽ!»

ሎሚ ቆርጣ ሰጠችው። «እስቲ ይሹበት። ሂና በሎሚ ይለቃል?»

«ይለቃላ! ሎሚ የማያስለቅቀው ምን አለ?» ሳቀና አውራ ጣቱን ፈተገ። ጣቱ ጠራ።

የተሰበሰቡት ሴቶች «ያ አላህ!» አሉ። ሂናውን ዕድሜ ልኩን የምትበጠብጥለት ሚስቱ ናት፤ እሱ ከየት ይወቀው?

«ሂና የሚበጠበጠው በሎሚ ነው፤ ሎሚ ያደምቀዋል እንጂ አያስለቅቀውም» አለች ኡምኩልሱም። «በሎሚ የሚለቀው የጀይሉ መድኃኒት ነው።»

ሐጂ ቁጭ አለ። «ጫጩቶቼ መታመማቸውን ሊናገር ነበር። ከዚያ በኋላ በጨፋ ማን ሰው ብሎ ያየኛል? ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ከሙህዲን እጅ ወጥቶ ሐጂ እጅ ገባ። ሙህዲን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወደ ቤቱ ሊሮጥ ብድግ አለና ኩሬውን አይቶ ቆመ።

«መድኃኒቱ ሳይገባ ቀረ'ኮ! ዓሦቹ እያለቁ ነው። ሳቢራ፣ ስንት ይጨመር እንዳለ ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ» አለች ሳቢራ። ዕንባዋን ጠርጋ ባልዲውን አነሳች።