«ጋሼ ሰንበታ ኮሶ ጠጥቷል»

የአዳማው ዳኛ ባላምባራስ አብተው ከችሎት ተመልሰው እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንደ ነከሩ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ጊደር ምክንያት በፊታቸው ሲካሰሱ ነበር የዋሉት። ከእንግዲህ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር ባይሰሙ ደስ ባላቸው ነበር።

ደጃፉ ላይ የቆመችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ራሷ ላይ ተለጥፏል። የቆዳ ነጋዴው የሰንበታ ልጅ ቡዜ መሆኗን ዐወቋት።

«አባባ ሞተ» አለች። «ኮሶ ገደለው ይላሉ። እኔ ግን ኮሶ የጠጣ አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ኮሶ ሲጠጣ ይጮኻል፣ ይራገማል። ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀ ነው የሚሰማው። ዛሬ ድምፁን የሰማ የለም።»

ኮሶ የበረታበት ሰው መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። ባላምባራስ «ሂጂና እናትሽን አጽናኚ» ሊሉ ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። የልጅቷ ዓይን ደረቅ መሆኑ ከነከናቸው። እግራቸውን አድርቀው በርኖሳቸውን ደረቡና በጭቃው ውስጥ ተከተሏት።

በመንገድ ላይ ሳይጠይቋት ነገረቻቸው። ነገ በባቡር አዲስ አበባ ሊሄዱ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሆራ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ የእናታቸው ወንድም ጆቴ ወስዶ ከፈረንጅ ትምህርት ቤት ካስገባው ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ በክርክር ሲታመስ ከርሟል። ታናሽ ወንድሟ መርዳሳ መጀመሪያ አውቶሞቢል እንይ ይላል፤ እሷ ሥዕል የሚንቀሳቀስበትን፣ ሰው «የሰይጣን ቤት» የሚለውን አዳራሽ ማየት ፈልጋለች፤ እናቷ እንጦጦ ማርያምን ልሳለም ትላለች።

«አባትሽስ?»

«መጀመሪያ ሆራን ነው የምናየው ይል ነበር። ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ።»

ሰንበታ መደቡ ላይ ጋቢውን እስከ ደረቱ ለብሶ ተጋድሟል። ከራስጌው አንድ ዋንጫ ተቀምጧል። ባላምባራስ ለቀስተኞቹን አስወጥተው ጎንበስ አሉ። የሟቹ ጢም ንጹሕ ነው። የታችኛውን ከንፈር ገለጥ ሲያደርጉት ውስጡ በራሱ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ የዓይኑ ነጭ ደም ሰርጎበታል። ዋንጫውን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። የኮሶው አበባ እንዳለ ነው፤ ቅንጣቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በእጅ ተፈርፍሮ ነው እንጂ ሙቀጫ አልነካውም።

ባላምባራስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዛሬም ቶሎ እንደማይተኙ ገባቸው።

የሟቹ ሚስት ዘርፉ ከጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አዲስ እጀ ጠባብ አለ፤ ሳታውቀው ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«ኮሶውን አንቺ ነሽ ያዘጋጀሽለት?»

«እኔ አይደለሁም። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደኅና ነበር። ከዚያ ለመንገዱ የሚሆነንን ልገዛ ገበያ ገባሁ። ስመለስ መርዳሳ ‹ዝም በይ፣ አባባ ኮሶ ጠጥቷል› አለኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው አይረበሽ ብለን እዚሁ ተቀምጠን፣» እጀ ጠባቡን ጨበጠችው፣ «እንዳንቀሰቅሰው እየተንሾካሾክን ስለ መንገዱ ስናወራ ዋልን። ልጆቹ እንኳ ሲሳሳቁ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። እሱ ለካ …»

ባላምባራስ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ጉዞው ከየት መጣ?»

«ከሞጆ ሲመለስ ነው፤ አኩርፎ ገባ። ‹በሆራ ትምህርት ቤት የሚማሩ የሞጆ ልጆች ለክረምት ቤታቸው ገብተዋል፤ የኔስ ልጅ?› አለ። ጆቴ አስተማሪው ሆራን ስለሚወደው በክረምትም አይለቀውም ነበር የሚለን።»

«እጀ ጠባቡ የሆራ ነው?»

«አዎን። በየጊዜው ጆቴ ይወስድለታል።»

«በምን ልክ ሰፋሽው?»

«ሲሄድ በነበረው ልክ። ጆቴ ‹ልክክ ይለዋል፤ ልኩን አትለውጪ› አለኝ።»

ባላምባራስ ቀና ብለው መርዳሳን አዩት። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ብዙ ሸሽቷል።

«ይህ ሱሪ መቼ የተሰፋ ነው?»

«ለፋሲካ» አለች ዘርፉ። «ይኸው ጥሎት አደገ።»

ውጭ ጎረቤታቸው ጂብሪል ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። ሰው ሁሉ በጎን እያየው መሆኑን ዐውቋል።

«ትናንት ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ጎርፉን ወደ ግቢዬ ለቀቀብኝ። ነገር ግን መንገደኛ ነው፣ ቂም ይዘን አንለያይ ብዬ ዛሬ ጠዋት መጣሁ።»

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም። ጆቴ ደጃፉ ላይ ነበር። ‹ጋሼ ሰንበታ ኮሶ ጠጥቷል፣ ከሰዓት በኋላ ተመለስ› አለኝ።»

መርዳሳም የተናገረው ይህንኑ ነው። ከእኅቱ ጋር የባቡሩን ሰዓት ሊጠይቁ ጣቢያ ሄደው ሲመለሱ፣ አጎቱ ከደጃፉ ሳይነሣ ነገራቸው።

ጆቴ ራሱ ሲጠየቅ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። ልቅሶው የእውነት ነው፤ ባላምባራስን ያደከማቸውም ይኸው ነበር።

«ራሱ ነው የነገረኝ» አለ። «‹ጠጥቻለሁ፣ ሰው እንዳይገባ› አለኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ባላምባራስ ዘርፉን፣ ልጆቹን፣ ጂብሪልንና ጆቴን እዚያው ቤት ሰበሰቧቸው። ሁለት ዘበኞች በሩ ላይ ቆሙ። ባላምባራስ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ጀመሩ።

«ኮሶ ጉልበት አሟጥጦ የሚጥል መድኃኒት ነው። በማግሥቱ ቤተሰቡን ይዞ ባቡር የሚሳፈር ሰው አይጠጣውም። ይጠጣ ቢባል እንኳ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ነው። በዋንጫው ያገኘሁት ግን ያልተወቀጠ አበባ ነው፤ ያንን የሚውጥ ጉሮሮ የለም። ጢሙም ላይ አንዲት ቅንጣት አልነበረችም። ሰንበታ ኮሶ አልጠጣም። አፍና አፍንጫው ታፍኖ ነው የሞተው፤ ከንፈሩም ዓይኑም ይህንኑ ይናገራሉ።»

ዘርፉ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ታዲያ ኮሶ ጠጥቷል ያለው ማን ነው? ዘርፉ ከመርዳሳ ሰማች። መርዳሳና ቡዜ ከጆቴ ሰሙ። ጂብሪልም ከጆቴ ሰማ። ወሬው በቤቱ ሁሉ ሲዞር ዋለ፤ የወጣው ግን ካንድ አፍ ነው። ኮሶ በጠጣ ሰው ላይ ማንም በር እንደማይከፍት ሁላችንም እናውቃለን።»

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ጆቴ። «እንደ አባት ነበር የማየው!»

«እኔንም ሌሊቱን ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ከዚያ ስለ እጀ ጠባቡ አሰብሁ።» ባላምባራስ ወደ ዘርፉ ላለማየት ታገሉ፤ ሆኖም ማየት ነበረባቸው። «መርዳሳ ከፋሲካ ወዲህ ብቻ ሱሪውን ጥሎ አደገ። ሆራ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሄደ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ልብሱ አልጠበበውም፣ አላጠረውም። ጓደኞቹ ለክረምት ሲመጡ እሱ አይመጣም። ሰንበታ ይህን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ነው መጀመሪያ ሆራን ያለው። የጆቴም ፍርሃት እዚያው ነበር። ጆቴ፣ ልጁ የት ነው?»

ጆቴ እህቱን አየ፤ ከዚያ ወለሉን።

«ተስቦ ነው» አለ። «እንደ ደረስን፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ። ካንድ ወዳጄ ዘንድ ትቼው ለንግድ ወጣሁ። ስመለስ ቀብረውታል። እትዬ፣ ልጁን ስጪኝ ብዬ የለመንሁሽ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልምጣ? ‹ደኅና ነው› አልሁሽ። አንዴ ካልሁ በኋላ መመለሻ አጣሁ።»

«ሰንበታስ?» አሉ ባላምባራስ።

«ትናንት ‹በሕይወት አለ ብለህ ማል› አለኝ። መማል አቃተኝ። ገባውና ‹ዘርፉ!› ብሎ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። ልጆቹ ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ። ዝም እንዲል ብቻ ነበር ጋቢውን አፉ ላይ የያዝሁት። ዝም አለ።»

«ሆራ ኮ!» ብላ ጮኸች ዘርፉ፤ «ሆራዬ» ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ ልቅሶዋን ጂብሪል እንኳ ቆሞ መስማት አቅቶት ወጣ። ቡዜ እናቷን ከወገቧ አቅፋ ያዘች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የነፍስ ጉዳይ ከባላምባራስ ሥልጣን በላይ ስለ ነበር ጆቴን ራሳቸው አዲስ አበባ ሊያደርሱት ሆነ። በሚቀጥለው ባቡር ዘርፉ ጥቁሯን ለብሳ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተሳፈረች።

«ቤትሽ ብትቀመጪ ይሻላል» አሏት።

«የሆራን መቃብር የሚያውቀው ጆቴ ብቻ ነው» አለች።

ከሞጆ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ባቡሩ አዘገመ። መርዳሳ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ጉልበቱን ብቻ ያያል። ጆቴ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ እጆቹ በሰንሰለት ታስረዋል፤ ከተያዘ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ዘርፉ ብዙ ስታየው ቆየችና ስንቋን ፈታች። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሠራውን ጩኮ ቆረሰች፤ ተነሥታም ወደ አፉ አቀረበችለት።

ጆቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ብላ» አለችው። «ልጄ ያለበትን ሳታሳየኝ አትሞትብኝም።»

አፉን ከፈተ። እንባው ከጩኮው ጋር እየገባ አላመጠ። ሁለተኛ ቆረሰችለት። ባላምባራስ አብተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በርኖሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ።