በበሩ ላይ ሦስት ሥዕሎች

በአንደኛ ክፍል በር ላይ ሦስት ሥዕሎች ተለጥፈው ነበር። አንደኛው የሚጨባበጡ እጆች፣ ሁለተኛው የምትውለበለብ መዳፍ፣ ሦስተኛው የተቃቀፉ ሁለት ሰዎች። የሳለቻቸው መምህሯ ራሷ ናት፤ ሥዕል ብዙም ስለማይሆንላት ተቃቃፊዎቹ የሚታገሉ ይመስሉ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይመጡና አንዱን በጣታቸው ይነካሉ። እሷም እንደነኩት ትጨብጣቸዋለች፣ እጇን ታውለበልብላቸዋለች፣ ወይም ጎንበስ ብላ ታቅፋቸዋለች። መራጩ ልጁ ነው፤ እሷ የተመረጠላትን ትሰጣለች።

ሕጉ ለአዋቂም ይሠራል ብለው የወሰኑት ልጆቹ ናቸው። አንድ ጠዋት አንድ መስታወት ቆራጭ የእህቱን ልጅ አድርሶ ሊመለስ ሲል «ጋሼም ይንካ! ጋሼም ይንካ!» ብለው መንገድ ዘጉበት። ሰውየው እንኳን መምህርት ፊት፣ ብቻውን ሲሆንም የሚያፍር ዓይነት ነው። ላብ ላብ አለውና ከሦስቱ ቀላል የመሰለውን፣ የምትውለበለበውን መዳፍ ነካ። መምህሯም ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው እንደምትሸኝ ሁሉ እጇን አውለበለበችለት። ሳቋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ከዚያች ጠዋት በኋላ ሰውየው ሰው አልሆነም። ሥራ ቦታው ደርሶ ሜትሩን በእጁ ይዞ ሜትሩን ይፈልጋል።

መምህሯ ሌላም ልማድ ነበራት፤ የቤተሰብ ሰዓት ትለዋለች። በየሳምንቱ የአንድ ልጅ ቤተሰብ ክፍል ገብቶ ሥራውን ያሳያል። አንዷ እናት የልብስ ስፌት መኪናዋን ተሸክማ መጥታ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አያት ደግሞ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአፋቸው ሞተር አስነስተው፣ ክፍሉን በሙሉ አሳፍረው ወስደው በሰላም መልሰዋል።

የመስታወት ቆራጩ የእህት ልጅ ተራዋ ደረሰ። ቤት ውስጥ «አለቃ» ነው የሚሏት፤ ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነው፣ ትእዛዟ ግን የሰባ። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ስለሆነች ማለዳ ትወጣለች። ስለዚህ አጎትዬው ሄደ። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አጋደመ፤ መቁረጫውን አንዴ ሳብ፣ በጣቱ ኳ ኳ፣ ከዚያ መስታወቱ ለሁለት ተከፈለ። ክፍሉ በሙሉ «ኡ!» አለ።

«አባትሽ ነው?» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ።

አለቃ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ከዚያ ደረቷን ነፍታ «አዎ፣ አባዬ ነው» አለች።

መስታወቱ ከእጁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረም። አለቃ ቀና ብላ አየችው። ያቺን አስተያየት ያውቃታል። አባቷ ከቤት የወጣ ጊዜ «ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ቅዳሜ ጫማዋን አድርጋ መስኮት ሥር ተቀምጣ ዋለች። በማግስቱም እዚያው ዋለች። አጎቷ ያኔ ነው በዚያ ቤት ለዚህች ልጅ የተሰጠ ቃል ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሎ ለራሱ የማለው።

«አዎ፣ አባቷ ነኝ» አለ።

መምህሯ አጨበጨበች። ጭብጨባዋ ትንሽ ዘግይቶ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ አለቃ እጁን ጨምድዳ ያዘችው።

«ለማንም አትናገርም አይደል?»

«አልናገርም።»

«ለቲቸርም?»

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ። «ለቲቸርም» አለ እየከበደው።

«እማዬ ትሙት በል።»

«እናትሽ ትሙት» አለ፣ የገዛ እህቱ መሆኗን ረስቶ።

እህቱም ነገሩን ከአለቃ ከራሷ አፍ ስትሰማ በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ግን ዓይኗን ጠራረገች። የወላጆች ስብሰባ ዕለት አብራው ሄደች፤ አለቃ በመካከላቸው ቆማለች። እህቱ እንደ ልማዷ ከኮሌታው ላይ የመስታወት ብናኝ አራገፈችለት። መምህሯ አየችና ዓይኗን ወደ ወረቀቶቿ መለሰች።

የክፍሉ አንድ መስኮት ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በፕላስተር ተለጣጥፎ ንፋስ ያስገባ ነበር። መስታወት ቆራጩ «የዚህን ነገር ለኔ ይተዉልኝ» አለና አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አዲስ መስታወት ተሸክሞ መጣ። አለቃ ጥግ ላይ ተቀምጣ በከለር ትሥላለች። እሱ ከውጭ ሆኖ መስታወቱን ወደ ክፈፉ አስጠጋ፤ መምህሯ ከውስጥ ደገፈችለት።

«አይፍሩ፣ አይናከስም» አላት።

«ከወደቀስ?»

«ከወደቀ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ብቻ ይያዙ።»

ዳር ዳሩን በስቱኮ መረገ። ከዚያ በጨርቅ ሲወለውለው ፊቷ ከመስታወቱ ማዶ ጥርት ብሎ ወጣ። ያን ያህል ቀርቦ አይቷት አያውቅም። እጁ መወልወሉን ተወ። እሷም ዘወር አላለችም። ሥራው ካለቀ ቆይቷል፤ ሁለቱም ግን መስታወቱን እንደያዙ ናቸው።

ሲገባ በዝግታ አናገረችው።

«ቤተሰቦቼ አንድ ሰው አግቢ ይሉኛል። ደግ ሰው ነው። መልስ እየጠበቀ ነው።» ጠመኔ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «ምን ልበላቸው?»

አፉን ከፈተ። ከጀርባው የከለሩ ድምፅ ቆመ። ዞር ሲል አለቃ ሥዕሏን ትታ እያየችው ነው፤ ያችኑ አስተያየት።

መምህሯ ጠበቀች። መጠበቋን አይቷል፤ የከፋውም ይኸው ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

«ልክ ነው። ባለትዳር ሰውን ምን ብዬ እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም። አመሰግናለሁ፤ አይምሽብዎት» አለችው፣ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ሳለች።

ቤት እንደደረሱ አለቃ ፊት ተንበረከከ።

«አለቃዬ፣ ለቲቸር ብቻ ልንገራት? ለሷ ብቻ።»

«ውሸታም ትለኛለች።»

«አትልሽም።»

«ምለህልኝ የለ?» አለችና አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ጫማዋን ፈልጋ አደረገችና ሄዳ መስኮት ሥር ተቀመጠች።

ሁለተኛ አልጠየቃትም። ራሷ ከመሐላዬ እስክትፈታኝ እጠብቃለሁ አለ። ጠዋት ጠዋት የመዳፏን ሥዕል ሲነካ መምህሯ እጇን ከፍ ታደርግና ዓይኗን ወደ ቀጣዩ ልጅ ታሻግራለች። ፈገግታዋ ለልጆቹ ነበር፤ ለእሱ የቀረው ሰላምታው ብቻ ነው። እሱም ያችኑ ተቀብሎ ሥራው ይሄዳል።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ቤተሰቦች ተጠሩ። አዋቂዎቹ ጉልበታቸውን አጣጥፈው በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተጎለቱ። ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሱ ያመጡትን ሰው ያመሰግናሉ። አለቃ ተነሳች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ይሄ አባዬ አይደለም» አለች። «ዋሽቼ ነው። አጎቴ ነው። አባዬ አይመጣም። አጎቴ ግን በየቀኑ ያመጣኛል። ምንም ቃል ቢሰጠኝ ይፈጽማል።»

 ያ ከፊት የሚቀመጠው ልጅ ግራ ገብቶት «ታዲያ ጋሼ መስታወት እሱ አይደለም?» አለ።

«እሱ ነው።»

«እህ!» አለ ልጁ፣ ምን ያስጨንቃችኋል በሚል ድምፅ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞራ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ታጠፋ ነበር።

ሁሉም ሲወጡ አለቃ ከጓደኞቿ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቀረች። እሱ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው መምህሯ። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቃል አስገብታኝ።»

«የሰባት ዓመት ልጅ?»

«አባቷ እመጣለሁ ብሎ መስኮት ሥር ጎልቷት ቀረ። እኔ እንዳልደግማት ብዬ ነው።» ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «አጠፋሁ?»

የሰሌዳ ማጥፊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አላጠፋህም። ብትነግረኝማ ደስታዬ ነበር። ግን ቃልህን በልተህ ብትነግረኝ፣ ያ የወደድኩት ሰው አትሆንም ነበር።»

የወደድኩት የምትለዋ ቃል በባዶው ክፍል ውስጥ ቆመች። ሰውየው በዚያች ቅጽበት ደስ አለው፤ ሙሉ በሙሉ፣ ልጅ እንደሚደሰት ደስ አለው።

«ታዲያ...» አለ።

«እኔም ቃል ሰጠሁ» አለችው። «ያን ዕለት እኔ ምን አውቃለሁ ስትለኝ ቤት ሄጄ እሺ አልኳቸው። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል፤ ቤት ተከራይቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ እየጠበቀኝ ነው።» ወደ አዲሱ መስታወት አየች። «እሱንስ መስኮት ሥር ልጎልተው?»

 ጎልቺው፣ ተይው፣ እኔ ጋ ቅሪ ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጫማዋን አድርጋ የተቀመጠች ልጅ ዓይኑ ላይ መጣችበት። «አትጎልቺውም» አላት። አንቺ ሲላትም የመጀመሪያው ነበር፤ መጨረሻውም ሆነ።

እንደ ልማዱ ወደ መዳፏ ሥዕል እጁን ሲዘረጋ አስቆመችው።

«ዓመቱን ሙሉ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ እኔ ልምረጥ።»

ጣቷን በተቃቀፉት ሁለት ሰዎች ላይ አሳረፈች። ጠበቀ። አልተጠጋችውም፤ እሱም ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጣቷን ከሥዕሉ ላይ ሳታነሳ በሌላው እጇ፣ እንደ መጀመሪያዋ ጠዋት፣ አውለበለበችለት።

ኮሪደሩ ላይ አለቃ ሮጣ እጁን ያዘችው።

«አልተቆጣችም አይደል?»

«አልተቆጣችም።»

«ውሸታም አለችኝ?»

«ጎበዝ ናት አለች» አላት። መምህሯ እንዲህ አላለችም፤ ግን ብትጠየቅ እንደምትል ያውቃል።

የትምህርት ቤቱን ግቢ አቋረጡ። ወደ ክፍሉ መስኮት አልዞረም። መስታወቱን ራሱ ነው የወለወለው፤ ቢዞር ወለል ብላ እንደምትታየው ያውቃል።

«አሁን ሁሉም ስላወቀ፣ ማን ብዬ ልጥራህ?» አለች አለቃ።

«ደስ እንዳለሽ።»

እያሰበች እስከ ዋናው በር ሄደች። ከበሩ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ። የሚያውቃቸው ሰው፣ የሚሰማት የክፍል ልጅ፣ የምትዋሽለት ማንም አጠገባቸው አልነበረም።

«አባዬ» አለችው በቀስታ፣ «እያለቀስክ ነው?»