አሥራ ስምንቱ ቀይ ክቦች

አራሚው የተገኘው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ፣ ማጅራቱን በብረት የወረቀት መጫኛ ተመትቶ ነው። ከፊቱ የፈተና ወረቀት ተዘርግቷል፤ አርባ ጥያቄ፣ በየጥያቄው አራት ዓረፍተ ነገር። ከአራቱ ሰዋስዉ የቀናውን፣ ቃሉም ቦታውን ያገኘውን መርጦ በቀይ መክበብ ነበር ሥራው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ምስኪን!

በወረቀቱ ላይ ከላይ አሥራ ሁለት፣ ከታች ስድስት ጥያቄ ተከቧል። ሰውዬው በሰባት ሰዓት ጀምሯል፤ ለአንዱ ጥያቄ አሥር ደቂቃ እንደሚፈጅበት መሥሪያ ቤቱም ደንበኛውም ሁሉ ያውቃል፣ ያማዋልም። እንግዲህ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር ተባለ። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ቢሮው ውስጥ የነበረችው፣ በዘጠኝ ሰዓት የገባችው ጸሐፊው፣ የገዛ እህቱ ልጅ ብቻ ናት። የጣቢያው አዛዥ ሊያስራት ቸኮለ።

መርማሪዋ ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ቀን ለመነች።

መጀመሪያ ረዳቱን ጠየቀች። እስከ ስምንት ተኩል እዚያው መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ፣ አሥራ አንድ ላይ ሲመለስ ሬሳውን እንዳገኘ ነገራት። ልጅቷና አጎቷ ሰሞኑን መኮራረፋቸውንም ጨመረላት፣ ላቡን እየጠረገ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ያለቀለት ፈተና ሊወስድ መጥቶ፣ እሱም ስምንት ተኩል ላይ መሄዱን ተናገረ። ሟቹን ሲያነሳ ምላሱ ማር ይንጠባጠብበታል። መርማሪዋ ሁለቱንም አላመነችም።

ልጅቷ መኮራረፉን አልካደችም። አጎቷ ሲያርም በር ማንኳኳት ነውር ስለሆነ ሳትገባ መቅረቷን ተናግራ አለቀሰች። ወረቀቱን ሲያሳዩዋት ግን እንባዋ ቆመ።

«ይሄን ማን ከበበው? ሦስተኛው ስሕተት ነው፣ ሰባተኛውም። ደግሞ አጎቴ ከላይ አይጀምርም። ዓይን ሲደክም የመጨረሻዎቹ ይበደላሉ እያለ ከአርባኛው ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

መርማሪዋ ቁም ሣጥኑን አስከፈተች። በጅምር የቀሩት የድሮ ወረቀቶች በሙሉ የተከበቡት ከታች ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«የአራሚው እጅ ያረፈው በታችኞቹ ስድስት ላይ ብቻ ነው። ስድስት ጥያቄ አንድ ሰዓት ነው። የሞተው ስምንት ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ልጅቷ አልመጣችም። የላይኞቹን አሥራ ሁለት ገዳዩ ከበባቸው፣ ሟቹ ቆይቶ የሞተ እንዲመስል። ረዳቱ ቢሆን ከሠላሳ አራተኛው ይቀጥል ነበር፤ የአለቃውን ልማድ ያውቃላ። መልሱንም አይስትም። ይህን የማያውቀው ያለቀለትን ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው ነው።»

አታሚው ሳቀ። «ይሄ ግምት ነው።»

«ጠዋት ማተሚያ ቤትዎን ፈትሸናል። ፈተና አስቀድመው እንደሚሸጡ አራሚው የጻፈው የክስ ደብዳቤ ከመሳቢያዎ ወጥቷል።»

አታሚው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለምኜው ነበር፣ እምቢ አለኝ አለ። ይዘውት ወጡ።

ልጅቷ አታሚውን ዞራ አላየችውም። ዓይኗ ረዳቱ ላይ ነበር።

«ወረቀቱን መጀመሪያ ያየኸው አንተ ነህ። ከታች እንደሚጀምር ታውቃለህ። ለምን ዝም አልክ?»

«የሞተበት ሰዓት ወደ ስምንት ከመጣ እኔም እዚህ መጋዘን ነበርኩ። ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ልታሰር ነበር።»

«አውቃለሁ» አላት፣ ቀና ሳይል።