የሙዝደሊፋ ድምፅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የአናንዴል ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ሲጨርሱ፣ የቨርጂኒያ ሕዝብ አገረ ገዢውን መርጦ ነበር፤ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወንበር ግን ባለቤት አጣ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ሁለቱን ተወዳዳሪዎች የለያያቸው ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም ነበርና፣ እያንዳንዱ ወረቀት እንደ ወርቅ ይመዘን ጀመር።

ሐጂ ሙሐመድሁሴን በአሌክሳንድሪያ ሱቅ የነበራቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ለአንደኛው ተወዳዳሪ ደንበኞቻቸውን ሁሉ ቀስቅሰው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙዝደሊፋ በዚያው ዓመት ዜግነት አግኝተው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ድምፅ የሰጡት ለሌላኛው ነው፤ ይህንንም ከባላቸው አልደበቁም። ሆኖም በፖስታ የተላከላቸውን የምርጫ ወረቀት ከማስታወቂያ ጋር አደባልቀው ጥለውት ስለ ነበር፣ በምርጫው ቀን በአካል ሲቀርቡ፣ አስቀድመው በፖስታ መርጠው ይሆናል ተብሎ ድምፃቸው ሳይቆጠር ለማጣሪያ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ከምርጫ ቦርዱ ስልክ ተደወለ፤ ያነሡትም ሐጂ ነበሩ። ወይዘሮዋ በማግስቱ ራሳቸው ቀርበው ካላስረዱ ድምፃቸው እንደሚጣል ተነገራቸው። ሐጂ ስልኩን ዘግተው ደጅ ወጥተው ብዙ ቆሙ፤ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ከዚያ ገብተው ለሚስታቸው ነገሩ።

«እርስዎ የደከሙበትን የሚያፈርስ ድምፅ እኮ ነው፣ ሐጂ» አሉ ወይዘሮዋ።

«ዐውቃለሁ። ነገ ሱቁን ዘግቼ እወስድሻለሁ።»

በምርጫ ቦርዱ አዳራሽ የወይዘሮዋ እንግሊዝኛ አልበቃ ስላለ ሐጂ እንዲያስተረጉሙ ተፈቀደላቸው። በታዛቢነት የተቀመጠው የራሳቸው ወገን ሰው ዐወቃቸው፤ ፈገግ ብሎም፣ ሴትዮዋ በፖስታ የመጣውን ወረቀት ሞልተው አለመላካቸውን በርግጥ ያስታውሱ እንደ ሆነ ጠየቀ።

«ከነፖስታው ነው የጣልኩት» አሉ ወይዘሮዋ በአማርኛ፤ «ሁለት ጊዜ መምረጥ ሐራም ነው።»

ሐጂ አንዲት ቃል ቢያላሉ፣ «ይመስለኛል» የምትል ብቻ ቢጨምሩ፣ ድምፁን ለማስጣል ይበቃ ነበር። እርሳቸው ግን የሚስታቸውን ቃል እንዳለ፣ ሐራሟን እንኳ ሳያስቀሩ፣ አስተረጎሙ። የታዛቢው ፈገግታ ጠፋ፤ የቦርዱ አባላትም ጥቂት ተመካክረው ድምፁ እንዲቆጠር ወሰኑ።

በታኅሣሥ ድጋሚ ቆጠራው ሲያበቃ የሐጂ ሰው ተሸነፈ። ክፍሉ የተባለ ደንበኛቸው ያን ቀን ሱቅዎን ባይዘጉ ምን ነበር ቢላቸው፣ «ልፋቱ የእኔ ነበር፤ ድምፁ ግን የእርሷ ነው» ብለው በርበሬውን መመዘን ቀጠሉ።

መዛግብት የአሸናፊውንና የተሸናፊውን ስም፣ የልዩነቱንም ቁጥር ጽፈው አኑረዋል። አንድ ሰው በገዛ ወገኑ ላይ የሚቆጠርን ድምፅ በገዛ አንደበቱ ማሰማቱን ግን የትኛውም መዝገብ አልያዘውም፤ ሐጂም ይያዝልኝ ብለው አልጠየቁም።