ሦስት መቶ ብዬ ሞላሁት

ሰዓሊው አዶማኮ በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ባለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ በደም ተነክሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን በብረት ቧንቧ ፈጥፍጠውታል፤ ከሞተም በኋላ አልተዉትም። ኮምፒውተሩ እንክትክት ብሏል፤ ሰሞኑን ለሞተችው የአካባቢው ንግሥት እናት በኮምፒውተር የሣለውን ምስል ዋና ቅጂ የያዘው ፍላሽም ከአንገቱ ተበጥሶ ተወስዷል።

ይህ የሆነው አርብ ረፋድ ነው። ሐሙስ እህቱን ሴርዋን «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!» ብሎ ሲያባርራት ሰፈሩ ሰምቷልና፣ ሴርዋ ታሰረች። ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከተፈረደባት ዕድሜ ልክ ነው።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ኮናዱ ግን ያደገችው አባቷ ማተሚያ ቤት ነው። ቅዳሜ በንግሥት እናቲቱ ለቅሶ ላይ፣ አዶማኮ የሣለው ምስሏ ባለ ሦስት ሜትር ቁመት ሸራ ላይ ታትሞ ተሰቅሎ አየች። አፍንጫዋን ሸራው ላይ ለጥፋ ቆየች። የሟቿ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ማነው ያተመው?»

«እኔ ነኛ ማዳም!» አለ ባለማተሚያ ቤቱ ቦአኬ ደረቱን ነፍቶ። «አዶማኮ ናሙናውን ሐሙስ በዋትሳፕ ላከልኝ። አርብ ደጃፉን እንኳ አልረገጥኩም።»

«የዋትሳፕ ሥዕል ለዚህ ሁሉ ሸራ ይበቃል?»

«ኧረ ማዳም! ጥራቱን ሦስት መቶ ብዬ ሞላሁት። በአንድ ኢንች ሦስት መቶ ነጥብ! ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል?»

«እሰይ! እንግዲያው ታሳየናለህ።»

ከሰዓት በኋላ ሴርዋ ከነካቴናዋ፣ የእነ አዶማኮ ቤተሰብ ሽማግሌ ታዊያና ሁለት ፖሊሶች በቦአኬ ማተሚያ ማሽን ዙሪያ ቆሙ። ኮናዱ ናሙናውን ከራሱ ስልክ አስጫነችው።

«በል ሦስት መቶ ብለህ ሙላ።»

መዳፍ የምታህል ሥዕል ወጣች።

«አሁን ሦስት ሜትር አድርገህ ለጥጣት።»

ማሽኑ የንግሥቲቱን ፊት ብዥ ያለ የቀለም ክምር አድርጎ ተፋው። ሽማግሌው «ውይ በሞትኩት! የፉፉ ገንፎ አስመሰላት!» ብለው ጮኹ።

«ነጥቡ ድሮም ከሌለ፣ ቁጥር ስለጻፍክ ከየት ይመጣል?» አለች ኮናዱ። «የተሰቀለው ሸራ የታተመው ከዋናው ቅጂ ነው። አባባ፣ ዋናው የት ነበር?»

«አንገቱ ላይ! ለማንም አይሰጥም ነበር።»

«ባለፈው የአለቃውን ፊት እንዲህ አበላሽተህ አገር ሳቀብህ፣ ቦአኬ። አዶማኮም ይህችን ሌላ ሰው ጋ ላሳትማት ነው ሲልህ ገደልከው።»

«አዋረደኝ!» ቦአኬ የወረቀት ቢላዋ መዞ ተወረወረባት። ክንዷን ሰነጠቃት። እሷም የብረቱን ማስመሪያ አንስታ የእጁን አንጓ ስትለው አጥንቱ ቀጭ አለ። ሲወድቅ ፍላሹ ከኪሱ ተስፈነጠረ፤ ክሩ ላይ ደም ደርቆበታል።

ኮናዱ ክንዷን በመሐረብ አስራ፣ ካቴናውን ከፍታ፣ ሴርዋን ወደ ተሰቀለው ሸራ ወሰደቻት። የአታሚ ማጉያ መነጽሯንም ሰጠቻት።

«የንግሥቲቱን የዓይን ብሌን እዪው።»

ሴርዋ አየች። በብሌኑ ውስጥ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ! ሻሹን የገዛሁት ሐሙስ ነው» አለች። «በሻሹ ያየኝ ሲያባርረኝ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የሣለሽ ካባረረሽ በኋላ ነው። እህት የለኝም ያለው ከልቡ አልነበረም።»

ሴርዋ ሸራውን አቅፋ «ወንድሜን!» ብላ አለቀሰች።