አሥራ ሦስት አልገባችም

«ባለፈው ዓመት ቁጥር አሥራ ሦስትን ተራራው ላይ ረስተዋት ሄዱ አሉ» አለች ራዲዮ፣ ጉዞው ከተጀመረ ለስድስተኛ ጊዜ። «ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን! ጠዋት ሲመለሱ ጫማዋን ብቻ አገኙት።»

«ትናንት ጫማ አልነበረም» አለች ምላጭ። «ትናንት ያገኙት ኮፍያ ነበር።»

«ጫማም ኮፍያም ነው።»

«ነገ ደግሞ ካልሲ ትጨምሪበታለሽ።»

በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ የተደረደሩት ልጆች ሳቁ። ራዲዮም አብራ ሳቀች፤ ወሬዋን እስከሰሙላት ድረስ ቢስቁባትም ግድ የላት። ራዲዮ የሚለውን ስም ያወጡላት በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከከተማ ሳይወጡ ነበር። ምላጭ ግን ስሟን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ በምላሷ የተነሣ።

ሃያ ሁለት ነበሩ፤ ከየትምህርት ቤቱ የተሰባሰቡ፣ ከሦስት ቀን በፊት የማይተዋወቁ። አስጎብኚው በየቦርሳቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ፕላስቲክ አስሮላቸዋል። አውቶቡሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት እያንዳንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ቁጥሩ ከሞላ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሳሉ። በመጀመሪያው ቀን፣ በራዲዮ ወሬ ምክንያት፣ አሥራ ሦስትን የሚወስድ ጠፋ። ፕላስቲኩ የሚያቃጥል ይመስል ከአንዱ ወደ አንዱ ሲወረወር ምላጭ ከአየር ላይ ቀለበችው።

«እኔን ረስቶ የሚሄድ አውቶቡስ እስቲ ልየው!» አለች። ራዲዮ አሥራ አራትን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ በዚያው ጓደኛ ሆኑ።

ይኸው አሁን ሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ቆሟል። አስጎብኚው ደብተሩን ይዞ በወንበሮቹ መካከል ቆመ።

«ዛሬ አናቱን እናቋርጣለን። አምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ትናንት ወደኋላ የቀሩ ልጆች ግን በአውቶቡስ ዞረው ሐይቁ ዳር ይጠብቁናል። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ።»

ምላጭ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ አሥራ ሦስት አሉ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ እኮ ነው ያስጠበቅሽን፣ እህቴ። ተራራው ላይ እንደዚያ ብትሆኚ ይመሽብናል» አለና ደብተሩን ዘጋው።

ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ የእናቷን የስፌት ጨርቅ ከነጥቅሉ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ የሚኖሩበትን ሕንፃ ስድስት ፎቅ ስትወጣና ስትወርድ ነው የከረመችው። ጎረቤቶች «ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉባት፣ «ሊፍቱ ደህና ነው፤ እናንተ ናችሁ የዛጋችሁት» እያለች ታልፋቸው ነበር። የመጣች ዕለት ወንድሟ በሩን ተደግፎ፣ «ተራራውን በመስኮት ፎቶ አንስተሽ ወጣሁት ልትይ ነው፤ መች አጣሁሽ!» ብሏታል። አሁን እውነትም በመስኮት ልታየው ነው።

ትናንት የዘገየችው ደክሟት አልነበረም። ገደሉን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ራዲዮ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ስትደርስ ድንጋይ አቅፋ ቀረች። ያ የማያርፍ አፏ አንዲት ቃል አልወጣው አለ። ምላጭ የራዲዮን ቦርሳ በደረቷ፣ የራሷን በጀርባዋ አድርጋ፣ እጇን ይዛ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያለች አወረደቻት። ታች ሲደርሱ ራዲዮ ቦርሳዋን ተቀብላ እንባዋን ጠረገች። «ከፍታ እንደምፈራ ለማንም እንዳትናገሪ፣ በእናትሽ።»

«ምን አይቼ ነው የምናገረው?» ነበር የምላጭ መልስ። ሌሎቹ ጋ ሲደርሱም «እኔ ነኝ ያዘገየኋት» አለች።

ተጓዦቹ ቦርሳቸውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ፣ ከፖርቶ መጋላው ላይ ሲያወርዱ ራዲዮ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ስሚ፣ ዘዴ አለኝ። ቦርሳሽን ይዘሽ ከኋላ ቀስ ብለሽ ተከተያቸው። እዚህ ስንቆጠር ያንቺንም እኔ እጠራለሁ።» ድምፅዋን አቅጥና «አሥራ ሦስት» አለች፤ ወዲያው አወፍራ «አሥራ አራት»። «ሾፌሩ ዞረው አያዩም። አስጎብኚው ሲያይሽ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል፤ መልሶ አይልክሽም።»

«ካላየኝስ?»

«ካላየሽማ አሪፍ! ሐይቁ ጋ ብቅ ትያለሽ።»

ምላጭ ቦርሳዋን አወረደች፤ ከአውቶቡሱ ጀርባም ተደብቃ ቆመች። ተጓዦቹ ተቆጠሩ፤ አሥራ ሰባት፣ ሞልቷል። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ዳገቱን ጀመረ። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሊቆጠሩ ነው።

ቀና ብላ ተራራውን አየችው። መንገዱ ድንጋዩ መሃል እየገባ እየወጣ፣ ከላይ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። እዚያ አንዱ ድንጋይ ቢከዳትስ? ከላይ ቁጥሩ ሙሉ፣ ከታችም ቁጥሩ ሙሉ። አስጎብኚው አውቶቡስ ውስጥ ናት ይላል፤ ሾፌሩ ከኋላ ተኝታለች ይላሉ። የሚፈልጋት አንድ ሰው የለም። የራዲዮ ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት መሰላት።

ይህ ብቻ ቢሆን ግን ትደፍረው ነበር። ያንገበገባት ሌላው ነው። ሦስት ወር የደከመችለትን ተራራ እንደ ሌባ ተደብቃ ልትወጣው?

«አራት!» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

«ዘጠኝ!»

ከዚያ ቅጥን ያለ ድምፅ መጣ፣ «አሥራ ሦስት!»

«ውሸት ነው!» ምላጭ ዞራ በሩ ፊት ቆመች። «አሥራ ሦስት አልገባችም። ይኸው፣ እዚህ ናት።»

ሾፌሩ ቁልፉን ሊያዞሩ የሰደዱትን እጅ መለሱ። አስጎብኚው ጩኸቱን ሰምቶ ዳገቱን በሩጫ ወረደ።

«የማን ድምፅ ነበር ያ?» አሉ ሾፌሩ።

«ቁጥሩ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አለች ምላጭ። «ተደብቄ ልከተላችሁ ነበር። ተውኩት። በግልጽ ነው የምወጣው።»

«ግቢ አውቶቡስ ውስጥ» አላት አስጎብኚው።

«አልገባም።»

«እንግዲያው ነገ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ!»

«ነገ መልሱኝ። ዛሬ እወጣለሁ።»

«ኧረ ጉድ!» አለ ከተጓዦቹ አንዱ። ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

አስጎብኚው ጠጋ አላት። «እንደ ትናንቱ ወደኋላ ብትቀሪ ማነው የሚሸከምሽ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ወደ መስኮቱ አየች። ራዲዮ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቁልቁል ታያታለች። ምላጭ መልሱን ዋጠችው፤ ምላጭ ከተባለች ወዲህ የዋጠችው የመጀመሪያው መልስ ሳይሆን አይቀርም።

መስኮቱ ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

«ጋሼ! ትናንት የኔን ቦርሳ ተሸክማ ነው የዘገየችው!» የራዲዮ ድምፅ ከተራራው ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። «ሁለት ቦርሳ! እኔንም ጭምር! ከፍታ እፈራለሁ፣ በቃ፣ ተናገርኩት! የሚስቅ ካለ እዚህ መጥቶ ይሳቅ!»

የሳቀ አልነበረም። አስጎብኚው ወደ ምላጭ ዞረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? ሰዓትዎን ነው ያዩት።»

አስጎብኚው ትከሻው ላይ ያለችውን የመጀመሪያ ሕክምና ቦርሳ አውልቆ አቀበላት። «እንግዲያው ይቺን ጨምሪባት። ከኔ ኋላ ኋላ ትሄጃለሽ። አሥር እርምጃ ከቀረሽ የነገው መመለስ አይቀርልሽም።» ደብተሩ ላይ አሥራ ሰባትን ሰረዘና አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ።

ዳገቱን በፎቅ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ሃያ አራት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋባት። የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዋን ከረከራት፤ ላቡ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ጉሮሮዋ ደረቀ። የሕንፃቸው ደረጃ ቢያንስ ከእግሯ ስር አይንሸራተትም ነበር። አንዴ ተንሸራትታ በጉልበቷ ወደቀች፤ ማንም ሳያነሳት ተነሣች። አስጎብኚው እየዞረ ርቀቱን ያያል። አንድም ጊዜ ከአራት እርምጃ በላይ አልራቀችም። ጭጋጉ ውስጥ ሲገቡ ትንፋሽ ሊሰበስብ ቆም አለ፤ እሷም ተረከዙ ስር ቆመች።

«ደከመዎት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ዝም ብለሽ ውጪ» አላት። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አናቱ ላይ ነፋሱ ሊነቅላቸው ደረሰ። ጭጋጉ ሲገለጥ ሐይቁ ከታች ታየ፤ ዳሩ ላይ አውቶቡሱ ጥፍር አክሎ ቆሟል። ምላጭ ለወንድሟ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣች። ትንሽ ይዛው ቆየችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ቢያምንም ባያምንም የራሱ ጉዳይ ነው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ራዲዮ ሮጣ መጣችና፣ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። «ተቀይመሽኛል?»

«በጣም። እኔ እንደዚያ ነው ድምፄ? እንደ አይጥ?»

ራዲዮ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ከሰዓት በኋላ ምላጭ እግሯን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀመጠች። ስለ ነገው መመለስ አስጎብኚው ምንም አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀች። ትንሽ ራቅ ብሎ ራዲዮ ልጆቹን ሰብስባ ታወራለች። «ያቺን ያለፈውን ዓመት አሥራ ሦስት ረስተዋታል፤ የዘንድሮዋ ግን አውቶቡሱን በእጇ ነው ያቆመችው!»

ሾፌሩ የአውቶቡሱን መስታወት እያጠቡ ነበር። ምላጭን ጠቀሷት።

«ልጄ፣ ተረስታ ቀረች ስለምትሏት ልጅ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

ምላጭ ዞራ አየች። ስድስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ራዲዮ ገና ጫማው ጋ መድረሷ ነው፤ ካልሲም ጨምራበታለች።

«ይንገሩኝ» አለች። «ለሷ ግን እንዳይነግሯት።»

«ባለፈው ዓመትም የነዳሁት እኔው ነኝ» አሉ ሾፌሩ፣ ጨርቃቸውን እየጨመቁ። «በሚኒባስ ነበር የመጣነው። ልጆቹ አሥራ ሁለት ነበሩ።»