ሽቅብ የወጣው ዛጎል

የውኃ መሳቢያው ሞተር ቱቦ ሲፈታ ረውዳ ክው አለች። ውስጡ የምስር ፍሬ በሚያክል፣ ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ታፍኗል። ሞተሩ ከኩሬው ውኃ ካልሳበ፣ አባቷ ቦሩ ሜዳ ላይ የተከሉት ነጭ ሽንኩርት መድረቁ ነው።

«ይሄ የቦርከና ነው፤ ኮምቦልቻ ድልድዩ ሥር አይቼዋለሁ» አሉ አባቷ ጋሽ ሸረፈዲን። «ወንዝ ደግሞ ወደዚህ ሽቅብ አይፈስም። ሰው ነው ያመጣው።»

ሰው ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ለረውዳ አልጠፋትም። ከኮምቦልቻ ወደ ኩሬያቸው የሚመላለሰው ሁዘይፋ ብቻ ነው።

ሁዘይፋ የውኃ ባለሙያ ነው። ባለፈው በጋ ድልድዩ ሥር ቦቲ አጥልቆ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የሚሉትን ይህንኑ ዛጎል ከድንጋይ ሲፍቅ አገኘችው። «ምንድን ነው እሱ?» ስትለው ቀና ብሎ አያትና መፋቁን ተወው። ጠምቷት ስለነበር የሚጠጣውን ውኃ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር ካሰረበት ሃይላንድ ጋር ሰጣት። ያ አስተያየቱ ልቧ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «የኩሬያችሁን ውኃ ልይ» እያለ ይመጣል፤ ውኃውን አንዴ፣ እሷን አሥሬ ያያል። ከመውሊድ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏታል።

አሁን ግን ሁሉም ነገር ሌላ መልክ ያዘባት። «ዛጎሉ እንዳይከተለኝ ቦቲዬን ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የምመጣው» ይላል፤ ማን አየለት? ዛጎሉ ባይዛመትስ ሥራ ይኖረው ነበር? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

በማግስቱ ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልመለሰችም። ጎንበስ ብላ የቦቲውን ሶል በጣቷ ዳሰሰች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«የደበቅከውን።»

«ወላሂ ደረቅ ነው፣ ረውዳ።»

«ዛሬማ ይደርቃል! አንዴ ካመጣኸው በኋላ!»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ አዘነ። ማዘኑንም አላመነችውም።

ሁዘይፋ የኩሬውን ዳር ዞረ። «የዛጎሉ ጫጩት በዓይን አይታይም፤ አንድ ጣሳ የወንዝ ውኃ ይበቃዋል...» እያለ ሳለ ድንገት ቆመ። ዓይኑ ሞተሩ አጠገብ ባለ ሃይላንድ ላይ አርፏል። አንገቱ ላይ እሱ ራሱ ያሰረው ሰማያዊ ክር አለ፤ አሁን የሞተር ዘይት መያዣ ሆኗል።

ረውዳም አየችውና ድልድዩ ሥር የሆነው ትዝ አላት። ያን ቀን ውኃውን ጠጥታ፣ እሱ ሳያያት ከወንዙ ቀድታበት፣ ሁለት ዛጎል ለማስታወሻ ጨምራ ነበር። ቤት ስትደርስ እንዳይሞቱባት ብላ ኩሬው ውስጥ ደፋቻቸው።

ጋሽ ሸረፈዲን ደረሱ። «እህ፣ ከምን የመጣ ነው?»

«ከቦቲዬ ይሆናል፣ ጋሽ ሸረፈዲን» አለ ሁዘይፋ። «አፉ ይበሉኝ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ከዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

አንገቱን ደፍቶ ዞረ። ረውዳ ዝም ብትል በአባቷ ፊት እንደታመነች ትኖራለች፤ እሱ ግን አይመለስም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ! በሃይላንድ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«የወንዝ ዛጎል ምን ይሠራልሻል?»

«እሱን... እሱን እንዲያስታውሰኝ።»

ጋሽ ሸረፈዲን ሽንኩርቱን አዩ፤ ሁለቱን አዩ። አካፋውን ለሁዘይፋ፣ የሽቦ ብሩሹን ለልጃቸው ሰጡ።

«ኩሬውን አድርቃችሁ አብራችሁ ትፍቃላችሁ። ሽንኩርቱን እስከዚያ በጀሪካን እናጠጣለን።»

ጥቂት ራመድ ብለው ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ስትልክ ጫማቸውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ይምጡ በላቸው።»